የየመንን ስናወርድ የአክሱምን ጣልን

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። ያለን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ማታ ማታ ሲቪላይዜሽን 4 በሚባለው የግዛት ግንባታ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ዶውን ኦፍ ሲቪላይዜሽን የሚባለውን ሞድ (ጨዋታውን የሚለውጥ ተጨማሪ) እንጫወታለን። አንድ ሰዓት እኔ፣ አንድ ሰዓት እሱ። ኢትዮጵያን ይዘን ኑቢያን ወሰድን። የመንን ወሰድን። በመጨረሻም እስክንድርያ ገባን። ካርታው ላይ ቀለማችን ሲሰፋ በደስታ ልናብድ ነበር። ከዚያ ዓረቦች ተነሱ። ቀይ ባሕር ማዶ ያሉት ከተሞቻችን ወደ እነሱ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ግብፅ ሄደች፣ ኑቢያ ሄደች፣ ግዛቱ ፈረሰ። ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴም ያው ሆነ። ወንድሜ "ጦር ስለማትሠራ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱ ሕጉንና ሃይማኖቱን ስለሚቀያይር ነው እላለሁ። አሁን ጨዋታው ቀርቶ ተኳርፈናል። ማናችን ነን ትክክል? ሞዱስ ያጭበረብራል ወይስ እኛ ነን ያልገባን?»

ታላቅ ወንድም፣ ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ያስቆመኝ የግዛቱ መፍረስ አይደለም። «ተኳርፈናል» ያልካት ቃል ናት። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ግዛቱን እንየው። ዓመቶቹን ጨዋታው እንደሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ሞዱ አላጭበረበራችሁም። በተለመደው ሲቪላይዜሽን ብዙ ከተማ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ሕዝብ በታሪኩ ዘመን፣ በታሪኩ ቦታ ይነሳል። ካልተጠነቀቀ ደግሞ ይፈርሳል። መፍረስና አለመፍረሱን የሚወስነው ስታብሊቲ የምንለው፣ ማለትም የግዛቱ ጽናት ነው። እሱም በአምስት ነገር ይለካል፦ በመስፋፋት፣ በኢኮኖሚ፣ በአገር ውስጥ ሁኔታ፣ በውጭ ግንኙነት እና በጦርነት። የአምስቱ ውጤት ተደምሮ ደረጃህ ይወጣል። ደረጃዎቹም አምስት ናቸው። ላይኛው ጽኑ ነው። ታችኛው ሊፈርስ የደረሰ ነው። መሃል ላይ መንገዳገድ የሚባል አለ። ሰው ሁሉ ችላ የሚለው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ስትሆን ገና ምንም አልጠፋብህም።

አንተ ታሪኩን ከዓረቦች ጀምረህ ነው የነገርከኝ። የእኔ ግምት ሌላ ነው። ዓረቦች ከመምጣታቸው ብዙ ተራ (የጨዋታው አንድ ዙር) በፊት ግዛታችሁ ይንገዳገድ ነበር። እነሱ የመጨረሻዋን ግፊት ነው የሰጡት። እስክንድርያ በገባችሁ ማታ የስታብሊቲውን ገጽ ከፍታችሁ ብታዩት ኖሮ ደስታችሁ ቶሎ ይበርድ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ። ሞዱ ውስጥ እያንዳንዱ ሕዝብ እምብርት አለው። የእኛው አክሱምና ዙሪያው ያለው ደጋ ነው። ከእምብርቱ ቀጥሎ በታሪክ የያዝናቸው ቦታዎች አሉ። ከዚያ ያለፈው ባዕድ መሬት ነው። ይሄን ሁሉ ካርታው ላይ በቀለም የሚያሳይ ቁልፍ አለ። ሁልጊዜ ክፍት አድርጉት። አሁን ልብ በል፤ የመስፋፋት ሂሳቡ የሚያየው የከተማ ብዛት አይደለም፣ ሕዝብ ነው። እምብርት ውስጥ ያለው ሕዝብ በአንድ ወገን ይቀመጣል። ዳር ያለው ሕዝብ በሌላ ወገን ይቀመጣል። ዳሩ ከእምብርቱ ሲከብድ መሬቱ ከእግርህ ሥር መንሸራተት ይጀምራል።

ለምሳሌ አክሱም 6 ሰው አላት እንበል። የቀይ ባሕር ወደቧ አዱሊስ ላይ ደግሞ 4 አለ። የእምብርቱ ድምር 10 ነው። እስክንድርያን በ12 ሰው ስትይዛት ምን ሆነ? በአንድ ቀን ዳሩ ብቻውን እምብርቱን በለጠው። የመንና ኑቢያ ገና አልተደመሩም። ለዚህ ነው ትልቅ ከተማ መያዝ ትንሽ ከተማ ከመያዝ የበለጠ የሚያስፈራው። አባባሉን ታውቀዋለህ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እናንተ ያደረጋችሁት ይሄንን ነው።

እውነተኛውን ታሪክ ብታየው ሞዱ ከራሱ እንዳልፈጠረው ይገባሃል። ንጉሥ ካሌብ በ525 አካባቢ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የየመኑን የሒምየር መንግሥት ንጉሥ ዙ ኑዋስን አሸነፈ። ጦሩ ድንቅ ነበር። ግን ካሌብ የመን ላይ ቁጭ ብሎ ሊገዛ አልሞከረም። ሱምያፋ አሽዋ የሚባል የአገሩን ሰው አንግሦ ግብር እንዲከፍል አደረገውና ተመለሰ። በእኛ ቋንቋ ቫሳል አደረገው ማለት ነው። ቆይቶ እዚያው ከቀሩት የአክሱም ወታደሮች መካከል አብርሃ የተባለው ተነስቶ ሱምያፋን ገለበጠው። ካሌብ ሁለት ጊዜ ጦር ላከ። የመጀመሪያው ጦር አዛዡን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ሆነ። ሁለተኛው ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ካሌብ አልላከም። አብርሃም ከካሌብ ሞት በኋላ ለሚቀጥለው የአክሱም ንጉሥ ግብር ለመክፈል ተስማማ።

ይሄን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። አክሱም የመንን አጣች፣ ግብሩን ግን አገኘች፣ ራሷም አልፈረሰችም። እናንተ ካሌብን ብትሆኑ ሦስተኛ ጦር፣ አራተኛ ጦር ትልኩ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን መሬት በቀጥታ አትያዙ። ከቻላችሁ ያንን አገር አሸንፋችሁ ቫሳል አድርጉት። የያዛችሁትንም ከተማ በድርድር ገጹ በኩል ለቫሳላችሁ መልሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ሕዝቡ ከእናንተ ሚዛን ላይ ይወርዳል፣ ወዳጅነቱ ይቀራል። ታናሽ ወንድምህ ይሄን ሲሰማ ሊናደድ ይችላል። ከተማ መስጠት ያማል፣ አውቃለሁ።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር እምብርቱን ማሳደግ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰለቸው ይሄኛው ክፍል ነው። ደጋው ኮረብታ ይበዛበታል። ኮረብታ ሲታይ ማዕድን መቆፈር ያምራል። እናንተ ግን መጀመሪያ እርሻ ሥሩ። ጎተራ አስቀድሙ፤ ጎተራ ያላት ከተማ ባደገች ቁጥር ከምግቧ ከፊሉን አስቀርታ ወደሚቀጥለው እድገት ታሻግራለች። ሕዝቡ ሲያድግ ጤናና ደስታ ይጎድላሉ። ያን ጊዜ ቤተ መቅደስ ሥሩ፣ ደስታ የሚሰጡ የቅንጦት ዕቃዎችን በንግድ አምጡ። ሁለት መቶ ዓመት ምንም አዲስ ከተማ ሳትይዙ እንዲሁ እምብርቱን ብትቀልቡ አልከሰራችሁም። ከዚያ በኋላ ያችው የመን ስትመጣ ሚዛኑ ይችላታል።

ይሄ እኛ ከተማ ውስጥም የሆነ ነገር ነው። አራት ኪሎ ቆመህ ወደ ሰሜን ብታይ እንጦጦ ይታይሃል። ዳግማዊ ምኒልክ እዚያ ላይ ሰፍረው ነበር። ከዚያ በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ ግን ችግር መጣ። ማገዶ አለቀ። ዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ስላለቀ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ነበር። ንጉሡ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ጀምረው ነበር። በዚያ ዘመን ዋና ከተማ አገሩ ሲራቆት ይነሳል፤ የተለመደ ነው። አዲስ አበባን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፣ ቶሎ አደገ፣ ማገዶውም የቤት ሥራ እንጨቱም ተገኘ። ይሄ ሁሉ የሆነው ምኒልክ ደቡቡንና ምሥራቁን በያዙበት፣ ዓድዋንም በ1896 ባሸነፉበት ዘመን ነው። ያን የሚያህል ግዛት የያዘ ሰው መቀመጫው ላይ የሚነድ እንጨት አጥቶ ሊነሳ ነበር። እምብርት ስልህ እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። ዝርዝር ነው፣ ጎተራና ማገዶ ነው፣ ካርታ ላይ አያምርም።

አሁን ወደ ወንድምህ ክርክር ልምጣ። ጦር አነሰ ይላል። ጦር ያስፈልጋል፤ ባዶ ከተማ ማንም ይወስደዋል። ግን ጦር ወጪ ነው። ከድንበርህ ውጭ የቆመ ጦር ደግሞ ተጨማሪ ስንቅ ይጠይቅሃል። ካዝናው ባዶ ሲሆን ወታደሮቹ መበተን ይጀምራሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ነገሡ። ከ1769 ጀምሮ ተከፋፍሎ የኖረውን አገር አንድ ለማድረግ ቆርጠው የተነሱ ሰው ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ ከዘመቻ ዘመቻ ሄዱ። ያን ሁሉ ሠራዊት ለመቀለብ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ነኩ፣ ካህናቱም ፊታቸውን አዞሩባቸው። ገበሬውም በሠራዊቱ ቀለብ ተማረረ። በ1868 መቅደላ ላይ ሲደርሱ ያ ትልቅ ጦር አብዛኛው ከድቷቸው ነበር። ከማንም በላይ የምወዳቸው ንጉሥ ናቸው። ቢሆንም ሠራዊቱ ከእምብርቱ አቅም በላይ ሆኖባቸዋል። ለወንድምህ ይሄን ንገረው፤ ግን በጭቅጭቅ መልክ አትንገረው።

ደግሞ ጨዋታው ጦርነትን የሚመዝነው በውጤቱ ጭምር ነው። አሸንፈህ ቶሎ ከጨረስክ ትጠቀማለህ። ከተጓተተ ሕዝቡ ይሰለቻል፣ ከተሸነፍክ ደግሞ ስታብሊቲህ ይወርዳል። ስለዚህ አጭር ጦርነት አድርጉ። ግባችሁ አንድ ከተማ ከሆነ ያችን ያዙና ታረቁ።

አንተ ደግሞ ስለ ሕግና ሃይማኖት መቀያየር ያልከው። እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ በደንብ ልክ ነህ። አንድ ሕግ በተቀየረ ቁጥር፣ የመንግሥት ሃይማኖትም በተቀየረ ቁጥር አገሩ ለጥቂት ተራ ሥርዓት አልባ ይሆናል። ያን ጊዜ ግብር የለም፣ ምርምር የለም፣ ግንባታ የለም። በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ብትቀይሩና እያንዳንዱ ሁለት ተራ ቢወስድ ስድስት ተራ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ኢኮኖሚውን ሞዱ የሚያየው እያደገ ነው ወይስ እየቀነሰ ብሎ ነው። የቆመ ኢኮኖሚም ያስቀጣል። ሕጎቹም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው፤ አንዱን ለጦር፣ አንዱን ለንግድ፣ አንዱን ለሃይማኖት ብላችሁ የማይገጥሙትን ብታደባልቁ የአገር ውስጥ መለኪያው ይወርዳል።

አፄ ሱስንዮስን አስታውስ። በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። አገሩም እንዲከተላቸው አዘዙ። አመፁ በየቦታው ተነሳ፣ የራሳቸውም ሰው በራሳቸው ሰው ላይ ተዋጋ። አሥር ዓመት ሙሉ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን መቀመጫ አደረጉ። ሃይማኖት መቀየር ካለባችሁ አንዴ ቀይሩ። ከዚያ ሚስዮናውያን ልካችሁ ወደ ከተሞቹ ሁሉ እስኪደርስ ጠብቁ።

ኢኮኖሚ ላይ አጭር ነገር ልጨምር። ምርምሩን ሙሉ ላይ አድርጋችሁ ካዝናውን አታራቁቱ። የከተማ ወጪ ከቤተ መንግሥቱ በራቀ ቁጥር ይጨምራል። እስክንድርያ ከአክሱም ምን ያህል እንደምትርቅ ካርታውን ተመልከት። ሩቅ ላለ ከተማ መጀመሪያ የሚሠራው ፍርድ ቤት ነው፤ ወጪዋን በግማሽ ይቀንሰዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ይደርሳል። መንገድም አትርሱ። ከተሞች በመንገድ ሲገናኙ የንግድ ገቢ ይመጣል። ባቡሩ በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ስንት እንደተለወጠች አያቶቻችን ያወሩን ነበር።

ስለ ዓረቦች ደግሞ ይሄን ያዙ። በ7ኛው መቶ ዘመን መነሳታቸው አይቀርም፣ ቦታውም ይታወቃል። አዲስ ሕዝብ ሲነሳ በመነሻ ምድሩ ያሉ ከተሞች ወደ እሱ ይዞራሉ። እዚያ መሬት ላይ ድንቅ ሕንፃ አትሥሩ። ምርጥ ጦራችሁን እዚያ አታስቀምጡ። ሲዞሩ ይዙሩ። ተናዳችሁ በዚያው ተራ ጦርነት ብትከፍቱ አዲስ የተነሳው ሕዝብ በብዙ ጦር ነው የሚጠብቃችሁ። ይልቅ ቶሎ ወዳጅነት ፍጠሩ፣ ድንበር ክፈቱላቸው፣ ነግዱ። ወረርሽኝም ይመጣል። ሕዝብ ይቀንሳል። እምብርታችሁ ጠባብ ከሆነ ያኔ ሚዛኑ ይዛባል። ትርፍ ይዛችሁ ጠብቁት።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ።

እኔም በወጣትነቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንዲህ እጫወት ነበር። ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወጣ ብሎ፣ በሰዓት የሚያከራይ የጨዋታ ቤት ነበር። ሁለታችን ለአንድ ኮምፒውተር ገንዘብ እናዋጣ ነበር። ሮምን ይዘን ሜሶፖታምያ ድረስ ሄድን። እሱ እንያዘው አለ፣ እኔ እንልቀቀው አልኩ። እውነተኛው ሐድሪያን እኮ በ117 ሲነግሥ ትራያን እዚያ የያዘውን መሬት ለቆታል እያልኩ ተከራከርኩ። እሱ ተራው ሲደርስ ጦር ይጨምራል፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ አስወጣለሁ። ግዛቱ ፈረሰ። «በአንተ ነው» ተባባልን። ለሁለት ወር ያህል አልተነጋገርንም። በዚያ መሃል የእሱ ጉዳይ አለቀና ውጭ አገር ሄደ። ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፣ የጨዋታ ቤቱም የለም። እኔና እሱ በበዓል እንደዋወላለን። ስለዚያ ጨዋታ ግን አንስተን አናውቅም።

ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የሐሳብ ልዩነቱ አልነበረም። ሁለት ንጉሥ በየሰዓቱ እየተለዋወጠ አንድ አገር መግዛቱ ነው። እናንተም ጋ የማየው ይሄንኑ ነው። አንተ በሰዓትህ ጎተራ ትጀምራለህ፣ እሱ በሰዓቱ አቋርጦ ጦር ያሠራል። አንተ ንግድ የሚረዳ ሕግ ታወጣለህ፣ እሱ ይሽረዋል። ጦር ማነሱም፣ ሕግ መቀያየሩም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ በሰዓት መከፋፈሉን ተዉት። ሥራ ተከፋፈሉ። ሁለታችሁም ሙሉውን ጊዜ አንድ ላይ ተቀመጡ። ካዝናው፣ ሕጉና የእምብርቱ ከተሞች ያንተ ይሁኑ። ጦሩ፣ ድንበሩና ከጎረቤት ጋር ያለው ድርድር የእሱ ይሁኑ። ማውዙን የሚይዘው ሰው ይቀያየር፣ ውሳኔው ግን አይቀያየር። ሕግ ወይም ሃይማኖት የሚቀየረው፣ ጦርነትም የሚታወጀው ሁለታችሁ ስትስማሙ ብቻ ይሁን። ካልተስማማችሁ ባለበት ይቆይ። እሱ ከተማ ለመያዝ ሲፈልግ እምብርቱ ስንት ሰው እንዳለው አንተን ይጠይቅ። አንተም ስትመልስ ቁጥሩን ንገረው፤ ትምህርት አትስጠው። ታናሽ ወንድም ትምህርት ከታላቁ ሲሰማ ይከብደዋል።

አንድ ደብተር ያዙ። በየአሥር ተራው ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ የእምብርቱን ሕዝብና የዳሩን ሕዝብ። ጎኑ ላይ የስታብሊቲውን ደረጃ ጻፉ። መንገዳገድ የሚል ከመጣ በዚያው ማታ አዲስ ከተማ የለም። ሴቭም በየጊዜው አድርጉ፤ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ሥራ የሁለታችሁ ነው።

ደብዳቤህን እሱ ባያውቅም ይሄን መልስ አሳየው። የጦሩን ክፍል መጀመሪያ ይምረጥ፣ ዘመቻውን እሱ ይንደፍ። ከየመን በፊት ኑቢያ ትቅደም ካለም እሺ በለው፤ ኑቢያ ከአክሱም በእግር ይደረሳል። አዱሊስ ላይ ግን ወደቡ ከመሠራቱ በፊት ማንም መርከብ እንዳይሳፈር።